የትውልድ ሐረግና መዝገቡ፦ ከርስት ሙግት እስከ ዕድር ደብተር

በኢትዮጵያ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መታወቂያ ሲያወጣ፣ ሥራ ሲቀጠር ወይም ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚሞላው ቅጽ ስለ ትውልዱ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቀዋል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከአያት በላይ ላለው ትውልድ የመንግሥት ወረቀት ቦታ የለውም። የዚሁ ሰው ቅድመ አያት ግን በዘመኑ በርስት ዳኛ ፊት ቆሞ ከሆነ፣ የተጠየቀው ሦስት ትውልድ ሳይሆን ሰባትና ስምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዐሥር የሚበልጥ ነበር። ያንንም ያወረደው ከወረቀት እያነበበ ሳይሆን በቃሉ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ስም የት ደረሰ? በጽሑፍ ተርፎ የተገኘው የማን ስም ነው? ሳይጻፍ የቀረውስ የማን? የትውልድ ሐረግ ፍለጋ ታሪክ ከሞላ ጎደል የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው።

ጥያቄዎቹ በይበልጥ ጎልተው የሚታዩት ሕዝብ ከየአቅጣጫው በተሰበሰበበት ከተማ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘውን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ስሙ ራሱ የሁለት ዘመን መዝገብ ነው። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ለአዲሱ መሣሪያ ያወጣለት ስም ሲሆን፣ «ላፍቶ» ደግሞ ከጣቢያውም ከከተማይቱም በፊት የነበረ፣ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ መጠሪያ ነው። መካኒሳም እንዲሁ በኦሮምኛ ብሳናን ያመለክታል። ጎፋ ሰፈር የደቡቡን የጎፋን አገር ስም ይዟል። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከሸዋና ከትግራይ የመጡ ቤተሰቦች ደጃፍ ለደጃፍ ይኖራሉ። የየቤተሰቡ ትውልድ የታወሰበትና የተመዘገበበት መንገድ ግን እንደ ደጃፉ የተቀራረበ አይደለም።

ርስትና የቃል መዝገብ

በጎጃምና በጎንደር፣ በከፊልም በወሎና በሸዋ፣ ትውልድ መቁጠር የጌጥ ነገር አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር እንጂ። የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው መወለድን በማስረዳት ነበር። ያ የመጀመሪያ ሰው «ዋና አባት» ይባላል፤ ከእርሱ የወጡት ቅርንጫፎች የሚጠሩባቸው ልጆቹ ደግሞ «ምንዝር አባት» ይባላሉ። ሐረጉ የሚመዘዘው በአባትም በእናትም በኩል ስለ ነበረ፣ አንድ ገበሬ በእናቱ እናት ወገን በሌላ አጥቢያ ርስት ሊጠይቅ፣ አንዲት ሴትም እንደ ወንድሟ ርስት ልትካፈል ትችል ነበር። በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ አለን ሆቤን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአንድ ሰው የርስት ድርሻ የሚወሰነው በመወለዱ ብቻ አልነበረም። ልደቱን በሽማግሌና በዳኛ ፊት ለማስረዳት ያለው ችሎታ፣ ጊዜና ተሰሚነት ጭምር ይወስነው ነበር።

ወገኑ በጉዳዩ የሚቆምለት «ፈጅ» ነበረው። ተሟጋቹ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ፣ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ እየተመላለሰ ስሞችን ይለቅማል፤ ይገጣጥማል፤ ምስክር ያቆማል። ሐረጉ ከአንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ የርስቱ ጥያቄም አብሮ ይበጠሳል። ስለዚህ አባት ለልጁ ከሚያወርሰው ሀብት አንዱ የስሞች ተራ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤቱ» የተባለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የዚህ እምነት ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ቃል እንደ ተጻፈ ነገር ረግቶ የሚቀመጥ አይደለም። መሬት የማያስገኝ ቅርንጫፍ ይዘነጋል፤ መሬት የሚያስገኝ ቅርንጫፍ ይለመልማል። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ወንድም ከቁጥር ይወጣል፤ ባለ ጉልበት ሰው በሐረጉ መካከል የሚገባበት ቀዳዳ አያጣም። በመሆኑም በርስት ሙግት የተነገረ የትውልድ ተራ እንደ ምስክር ቃል የሚመረመር እንጂ እንደ ወረደ የሚወሰድ ማስረጃ አይደለም። የተነገረው ማን ምን በጠየቀበት ጊዜ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ሰዎች አያቶቻቸውን እንዲቆጥሩ ያስገደደ ሌላም ምክንያት ነበር፤ ጋብቻ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና በልማድ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት መራራቅ ስለሚገባቸው፣ ሽማግሌዎች የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ወገን ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንዥላት እያሉ ይወጡ ነበር። ርስት ዘመድነትን ለማቅረብ፣ ጋብቻ ደግሞ ዘመድነትን ለማራቅ ይቆጠርበታል። ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ሌላውን ያርሙ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም፤ ለመሬት ሲል የተዛመደ ሰው ለጋብቻ ሲፈለግ ዝምድናው ይጠቀስበታልና።

በወንጌል ኅዳግ ላይ

የአውሮፓ አጥቢያዎች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በየዕለቱ የሚጽፉበት መዝገብ ነበራቸው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወንድን በ40፣ ሴትን በ80 ቀን ስታጠምቅ የተጠማቂውን ስም በመዝገብ የማስፈር ልማድ አልነበራትም። ከዚህ ተነሥቶ የአጥቢያ ጽሑፍ ለትውልድ ፍለጋ አይጠቅምም የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። መዝገቡ ያለው በሌላ ቦታ፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው።

በዚህ በኩል ከታወቁት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ በዛሬዪቱ ኤርትራ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና የወርቅ ወንጌል ነው። በውስጡ የዐፄ ላሊበላን የመሬት ስጦታ የሚገልጹ ጽሑፎች ይገኛሉ፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒም እ.ኤ.አ. በ1901 አሳትሟቸዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያስጻፉት ወንጌልም እንዲሁ ማስታወሻዎችን ይዟል። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት የገዳሙን መምህራን ተራ ሲያጠኑ የተመረኮዙት እንደዚህ ባሉ የገዳሙ ጽሑፎች ላይ ነበር። ወንጌሉ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሰፈረን ቃል መፋቅ እንደ መዳፈር ይቆጠራል፤ መጽሐፉም በዕቃ ቤት ተቆልፎ ስለሚጠበቅ ከማንም ሰው ቤት ይልቅ አስተማማኝ ነበር።

በጎንደር ዘመን ይህ አጻጻፍ እጅግ ተስፋፋ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነገሥታቱ፣ እቴጌ ምንትዋብና መኳንንቱ አብያተ ክርስቲያናትን እየተከሉ መሬት ሲሰጡ፣ ከስጦታው በኋላም መሬቱ ሲሸጥ፣ ሲወረስና በኑዛዜ ሲተላለፍ በየደብሩ መጽሐፍ ይጻፍ ነበር። አጻጻፉ ሥርዓት አለው። ዘመኑ በወንጌላዊው ስም፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ወይም ዮሐንስ ተብሎ ይገለጻል። የንጉሡና የደብሩ አለቃ ስም ይከተላል። ከዚያም ሻጩና ገዡ፣ ዋሱ፣ ዳኛውና እማኞቹ በተራ ይጠቀሳሉ። አንድ አጭር ጽሑፍ የብዙ ሰው ስም ይይዛል ማለት ነው። ካናዳዊው የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ መጽሐፉ በአብዛኛው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ የተመሠረተ ነው። ከሥራው ጎልተው ከሚታዩት ነጥቦች አንዱም ሴቶች በገዥነት፣ በሻጭነትና በአውራሽነት በጽሑፎቹ ውስጥ የያዙት ሰፊ ቦታ ነው።

ይሁንና ፈላጊውን የሚፈትን ችግር አለ፤ እርሱም ስም ነው። በአገሪቱ ልማድ አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ስም አለው፤ ቤተሰቡ ያወጣለትና የክርስትናው። ንጉሥ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ስም ይጨመራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣ፣ ዐፄ ምኒልክ ሣህለ ማርያም እንደነበሩ የታወቀ ነው። ጦረኛው በፈረሱ ስም ይጠራል። በጸሎት፣ በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው የክርስትናው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ መንደሩ በአንድ ስም የሚያውቀው ገበሬ በደብሩ መጽሐፍ ወልደ ሚካኤል ተብሎ ቢገኝ፣ ሁለቱን ስም የሚያገናኝ ሕያው ሰው ከሌለ ጽሑፉ ዲዳ ይሆናል። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው በየጸሎቱ መጨረሻ የራሱን፣ የሚስቱንና የወላጆቹን ስም ያስገባል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ግን አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ይተካል። በብራናው ላይ የሚታየው የተፋቀ ቦታም እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ መውጣትና የሌላው መግባት ምልክት ነው።

ያልተጻፉት

እስካሁን ከተባለው አንድ ነጥብ ይወጣል፤ የትውልድ መዝገብ የይገባኛል ጥያቄ ልጅ ነው። ስም የተቆጠረውም የተጻፈውም የሚጠየቅ መብት ስለ ነበረ ነው። መብት የሌለው ሰው ስሙን የሚቆጥርለትም የሚጽፍለትም አልነበረም።

ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ኅብረተሰቡ በእጃቸው ሥራ እየኖረ በብዙ ቦታ ከርስት ተገልለው ኖረዋል። ቤተ እስራኤል በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስታቸውን እንዳጡ በትውፊት ይነገራል። ትውልዳቸውን በሽማግሌ ፊት እንዲያስረዱ የተጠየቁት፣ የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 የመግባት መብታቸውን ካወቀ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ለዘመናት በቃል የኖረው የቤተሰብ ሐረግ በስም ዝርዝር ላይ ሰፈረ። መብት ሲመጣ መዝገብም ተከትሎ መጣ። በባርነት የተሸጠው ሰው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣ ነበር፤ አገሩን፣ ወገኑንና ብዙውን ጊዜም ጌታው በሌላ የሚተካበትን የገዛ ስሙን። የእርሱ ዘር ዛሬ አያቱን ቢፈልግ ሐረጉ የሚቆምበት ቦታ የሽያጩ ቀን ነው።

በላፍቶና በአካባቢው የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በፊንፊኔ ዙሪያ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ይኖሩ ነበር። የእነርሱ የትውልድ መዝገብ በብራና ላይ ሳይሆን በሽማግሌዎች አፍ ነበር፤ ልጅ ከአባቱ ተነሥቶ እስከ ጎሣው አባት ይቆጥር ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካና ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ሲደለደል በመዝገብ የገባው የአዲሱ ባለ መሬት ስም ነው። ቦታውን የሚያርሰው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ፤ ለጭሰኛ ደግሞ የርስት ሐረግ የሚጠይቀው ዳኛ የለም። በኋለኛው ዘመን ከተማይቱ ስትሰፋም እርሻዎቹ ወደ ሰፈርነት ተለወጡ። ላፍቶ፣ መካኒሳ፣ ጀሞ፣ ፉሪ የሚሉት ስሞች ግን ሳይፋቁ ቆይተዋል። ለእነዚያ ገበሬዎች ልጆች የቦታ ስም ከማናቸውም ወረቀት በላይ የቆየ ማስረጃ ነው።

በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ደግሞ ሌላ ዓይነት መዝገብ አለ። በሐረር የውርስና የሽያጭ ጉዳይ በዐረብኛ ፊደል ሰፍሯል። ሶማሌው የአባቶቹን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ እየያዘ ያድጋል። የኢትዮጵያ የትውልድ መዝገብ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ መጽሐፍ ሆኖ አያውቅም።

የአየርላንድ ምሳሌ

መዝገብ አንድ ቤት ውስጥ መሰብሰቡ የሚያስከትለውን አደጋ ለመረዳት የአየርላንድን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በደረሰው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠውም ተሰዷል። የስደተኞቹ ዘሮች ዛሬ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በአውስትራሊያ ሆነው አያቶቻቸውን ይፈልጋሉ። ፍለጋቸው ግን ከአንድ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። የ1861 እና የ1871 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ቁጥሩ ከተወሰደላቸው በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ጠፍተዋል። የ1881 እና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ሲባል ተፈጭተዋል። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ፣ በደብሊን የነበረው የመዛግብት ቤት ሲቃጠል አብረው ነደዱ። በዚያው እሳት ወደ ማዕከሉ ተሰብስበው የነበሩት የፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዛግብት በብዛት ጠፉ። የካቶሊኮቹ ግን በየአጥቢያቸው ቀርተው ስለ ነበር ተረፉ፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በማይክሮፊልም አንሥቶ ኋላ ለሕዝብ ክፍት አደረጋቸው። በእነዚህ መዛግብት ከተጠማቂው ጋር የክርስትና አባቱና እናቱ ስለሚጻፉ ዘመድ ከዘመድ ይገናኝበታል።

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚደንቀው የድኾቹ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣው ሕግ 70 ዓመት ለሞላው አረጋዊ ጡረታ ሲፈቀድ፣ ሽማግሌዎቹ ዕድሜያቸውን የሚያስረዱበት የልደት ወረቀት አልነበራቸውም፤ የልደት ምዝገባ በአገሪቱ ለሁሉም የተጀመረው በ1864 ነውና። ስለዚህ ስማቸው በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ እንዲፈለግላቸው አመለከቱ። ቆጠራዎቹ ኋላ ሲቃጠሉ የፍለጋው ወረቀቶች ተረፉ፤ ዛሬ ከጠፋው መዝገብ ፍርፋሪ የሚገኘው በእነዚያ ማመልከቻዎች ላይ ነው። ጥቂት ሽልንግ የጠየቀ ድኻ ገበሬ ሳያስበው ለቤተሰቡ ታሪክ ጠባቂ ሆነ። የጎጃሙ የርስት ተሟጋችና የአየርላንዱ ጡረታ ጠያቂ የሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው።

ኢትዮጵያም እሳት አላጣትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወድመዋል። ወደ መቅደላ ከተሰበሰቡት መጻሕፍት 350 ያህሉ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ለንደን ገብተዋል። የጎንደርን ደብር ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ጎንደርን ሳይሆን የእንግሊዝን ቤተ መጻሕፍት ነው።

ቆጠራ፣ ሕግና ቀበሌ

በጽሑፍ የሚመራ የመንግሥት ምዝገባ በኢትዮጵያ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞትም በክብር መዝገብ ሹም እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር። የቤተሰቡ ስም በሕዝቡ ዘንድ ሥር አልሰደደም፤ ልጅ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። የምዝገባውም ክፍል በዚያው ሕግ መጨረሻ ለጊዜው እንዲቆይ ተደረገ። ያ «ለጊዜው» የተባለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው።

ሕዝብ ቆጠራን በተመለከተ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ተካሂዶ የሕዝቡ ብዛት 42.6 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ታወቀ። ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተደረገ፤ በሦስተኛውም 73.9 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተቆጠረ። አራተኛው በ2011 ዓ.ም. በድጋሚ እንዲተላለፍ ተወስኗል። ቆጠራ ቁጥርን እንጂ ስምን ለማውጣት የሚደረግ አይደለም፤ ሰው የራሱን አያት የሚያገኝበት ሰነድም አይደለም። በሌላ በኩል ሕዝቡ ለመቆጠርና ለመለካት ያለው ጥርጣሬ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምጹ፣ ከግብሩ ጋር ያሳሰባቸው አንዱ ጉዳይ መሬታቸው ቢለካና ቢጻፍ ርስታቸው እንዳይወሰድ ነበር። መጻፍ ለአንዱ መብት፣ ለሌላው የመነጠቅ መጀመሪያ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ሥር ነቀል ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ጭሰኝነት ተሻረ፤ የርስት ሙግትም አብሮ አከተመ። ለብዙ ሚሊዮን ገበሬ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ከእርሱ ጋር ሳይታወቅ የመጣው ነገር ግን አለ፤ ሰባትና ስምንት አያት ለመቁጠር የሚያስገድደው ምክንያት ጠፋ። ፈጁ ሥራ ፈታ፤ ልጁም የስሞቹን ተራ ከአባቱ መማር አላስፈለገውም። አንድ ትውልድ ሳያልፍ የቃል መዝገቡ እየሳሳ ሄደ። መብቱ በልደት መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነትና በአራሽነት መሆኑ ፍትሕ ነው፤ የተረሱት ስሞች ግን የፍትሑ ዋጋ ሆነው ቀርተዋል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት በስማቸውና በፎቶግራፋቸው አብረው ገብተዋል። የነገው ተመራማሪ በገጠር የአያቱንና የአያቱን ሚስት ስም እኩል የሚያገኘው እዚህ ላይ ይሆናል።

በከተማም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌ የቤት ቁጥሩንና የቤተሰቡን አባላት የሚይዝ ማኅደር ከፈተ። ባለ ርስቱም ጭሰኛ የነበረውም፣ ሸማኔውም መምህሩም፣ የቤት ሠራተኛዪቱም በአንድ ዓይነት ቅጽ ላይ የሰፈሩበት ጊዜ ነው። ቀበሌዎች ሲጣመሩ፣ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ሲደራጁ፣ ኋላም ወረዳዎች ሲተኩ ማኅደሩ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ተዛውሯል። ከመንግሥት ውጭ ደግሞ ዕድር አለ። የዕድር ደብተር አባሉን፣ የትዳር ጓደኛውንና ቤተሰቡን ይመዘግባል፤ ማን መቼ እንደሞተና ለማን እንደተከፈለ ይጽፋል። በብዙ ሰፈር ከቀበሌው ማኅደር ይበልጥ የተሟላው የዕድሩ ጸሐፊ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ደብተር ነው። እርሱም ቢሆን የይገባኛል ልጅ ነው፤ የሚጠየቀው መብት በክብር መቀበር ነው።

ፍለጋው በተግባር

በጀሞ የሚኖር፣ አባቱ ከጎጃም የመጣ አንድ ሰው የትውልድ ሐረጉን ለማወቅ ቢነሣ መንገዱ ከሞላ ጎደል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ በሕይወት ያለውን ትልቅ ሰው ይጠይቃል፤ የአያቱን የዓለም ስም ብቻ ሳይሆን የክርስትናውንም ስም ይይዛል። ሁለተኛ አጥቢያውን ያረጋግጣል፤ የወረዳውን ስም ማወቅ አይበቃም፣ የታቦቱ ስም መታወቅ አለበት። ሦስተኛ የቤተሰቡን የንስሐ አባትና የአያቱን የክርስትና አባት ወገን ያፈላልጋል። አራተኛ ወደ ደብሩ ሄዶ አለቃውንና ቄሰ ገበዙን በአክብሮት ይጠይቃል፤ መጽሐፉ ስለ ምን መሬትና ስለ ማን እንደሚናገር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። አምስተኛ ቤተሰቡ በየሣጥኑ ያስቀመጠውን የሙግት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝና ኑዛዜ ይመለከታል። በመጨረሻም በከተማው የዕድር ደብተሩንና የቀበሌውን ማኅደር ያያል። ከታች ወደ ላይ እየተረጋገጠ ያልወጣ ሐረግ በታላቅ ሰው ስም ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ራስን ከንጉሥ ዘር ለማድረስ መቸኮል የፍለጋው ዋነኛ ጠላት ነው።

ፍለጋውን የሚያቃልሉ ተቋማትም አሉ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጻሕፍትንና ሰነዶችን አሰባስበዋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የተካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ ሚኔሶታ ይገኛሉ። የብዙዎቹን ዝርዝር ያዘጋጁት የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዋናው መጽሐፍ በየደብሩ እንዳለ ሆኖ ቅጂው በሌላ ቦታ መኖሩ የደብሊኑ እሳት ያስተማረውን ትምህርት በሥራ የተረጎመ ነው።

ፍለጋው የጥናት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የጉዲፈቻ ልጆች ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ በ2010 ዓ.ም. በውጭ አገር ጉዲፈቻ ላይ እገዳ እስኪጥል ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። አድገው የተመለሱት በእጃቸው የያዙት አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔና አንድ የቀበሌ ደብዳቤ ይሆናል። አንዳንዱ ወረቀት የእናትን ስም አይጠቅስም፤ አንዳንዱ ዕድሜን ያዛባል። ለእነዚህ ወጣቶች የአያት ስም በቅጽ ላይ የሚሞላ ክፍት ቦታ ሳይሆን የሕይወት ጥያቄ ነው። መልሱ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ አንዲት ጎረቤት ወይም አንድ የዕድር ሰብሳቢ ስላስታወሰ ነው።

ማጠቃለያ

ከርስት ሙግት እስከ ዕድር ደብተር ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ስም በራሱ የማይቆይ መሆኑን ነው። የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ይቆጠራል፤ መብት ሲኖር ይጻፋል፤ ጠባቂ ሲኖር ይተርፋል። ትናንት ርስት ያልነበረው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ዛሬ ሁሉም የመመዝገብ መብት አለው። ይህ መብት ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ልደትና ሞት በወቅቱ መመዝገብ፣ የቀበሌ ማኅደሮች በየዝውውሩ ከመበተን መዳን፣ የደብር መጻሕፍትም ከቦታቸው ሳይነሡ ቅጂያቸው መወሰድ አለበት።

ከዚህም በላይ ወረቀት የማይደርስበት ሥራ አለ። መምህራን ተማሪዎቻቸው ከአያቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ስማቸውን፣ የመጡበትን ቦታና የኖሩበትን ሥራ እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ለአንድ ሰፈር የታሪክ መዝገብ ይሆናል። የሸማኔው ልጅ፣ የጭሰኛው የልጅ ልጅና የባለ ርስቱ ዘር በዚያ ደብተር እኩል ገጽ ያገኛሉ። የጥበብ ሰዎችም ሙግቱን፣ የኅዳጉን ጽሑፍና የተፋቀውን ስም የድርሰታቸውና የተውኔታቸው ጉዳይ ቢያደርጉ፣ ሕዝቡ የራሱን ታሪክ ከራሱ ቤት መፈለግ ይጀምራል። ሰባት አያት በቃሉ የሚወርድ ሽማግሌ ዛሬም በላፍቶም፣ በደጋ ዳሞትም ይገኛል። ዕድሜው ግን አይጠብቅም፤ የሚጠይቀውም ሰው መዘግየት የለበትም።